ፀጉሬ ለምን ይረግፋል? ቅባት ከመግዛትሽ በፊት የምታደርጊው ፍተሻ

ፀጉሯ የሚረግፍባት ሴት መካሪ አታጣም። ጎረቤት ለጋ ቅቤ ትላለች። የሥራ ባልደረባ የጉሎ ዘይት፣ አክስት ጥቁር አዝሙድ። ቲክቶክ ደግሞ በሽንኩርት ጭማቂ ይምልልሻል። ፀጉር ቤት ስትሄጂ «ትሪትመንት ያስፈልግሻል» ይሉሻል፣ ፋርማሲ ስትገቢ የፀጉር ቫይታሚን ይደረድሩልሻል። መድኃኒት የሌለው የለም። «የሚረግፈው ከየት በኩል ነው? ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የፀጉር መርገፍ አንድ በሽታ አይደለም። በወሊድ የሚመጣ አለ፣ በሹሩባ የሚመጣ አለ፣ በብረት እጥረት የሚመጣ አለ፣ ከቤተሰብ የሚወረስም አለ። አንዱ ምንም ሳይደረግለት በራሱ ይመለሳል። ሌላው ቶሎ ካልተያዘ በዚያው ይቀራል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቅባት መቀባት ገንዘብ ማባከን ብቻ አይደለም፣ ጊዜም ያስበላል። ለአንዳንዱ ዓይነት ደግሞ ውዱ ነገር ጊዜው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው የቅባት ዝርዝር አይደለም። የራስሽን ፀጉር ቤት ውስጥ እንዴት እንደምትፈትሺ፣ ምን እንደምታስታውሺ፣ ሐኪም ዘንድ ስትሄጂም ምን እንደምትጠይቂ ነው።

ደረጃ 1፦ ይረግፋል ወይስ ይሰበራል?

ከምንም በፊት ይህን ለዪ። ስታበጥሪ ሚዶው ላይ የቀረውን ፀጉር ሰብስቢና ነጭ ወረቀት ላይ ዘርጊው። መስኮት አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ ሆነሽ አንድ በአንድ ጫፍ ጫፉን እዪ።

ፀጉሩ ረጅም ከሆነና አንዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ካለው፣ ከቆዳው ውስጥ ነው የወጣው። ረግፏል ማለት ነው። ብዙ ሴቶች ያቺን ነጥብ ሲያዩ «ከነሥሩ ተነቀለ፣ አለቀልኝ» ይላሉ። አይደለም። ፀጉር የሚያበቅለው ክፍል ከቆዳው ሥር እንዳለ ነው። ነጭ ነጥቧ የምትነግርሽ ያ ፀጉር ዕድሜውን ጨርሶ፣ አርፎ፣ ጊዜው ሲደርስ መውደቁን ነው።

ቁርጥራጩ አጭርና ርዝመቱ የተለያየ ከሆነ፣ በሁለቱም ጫፍ ነጥብ ከሌለው ደግሞ ተሰብሯል። ሰበቡ ከውጭ ነው፦ ሪላክሰር፣ ቀለም፣ ፔስትራ፣ የካስክ ሙቀት፣ በደረቁ ማበጠር። እንዲህ ከሆነ ለደም ምርመራ አትሩጪ፤ መጀመሪያ የምታደርጊበትን ነገር መርምሪ። ሪላክሰር ቀድሞ በተቀባው ፀጉር ላይ ተደግሞ ሲቀባ ዘንጉን ያዳክመዋል። መቀባት ካለበት አዲስ የበቀለው ላይ ብቻ ነው፣ ያውም ቢያንስ 8 ሳምንት ጠብቆ።

«ፀጉሬ አያድግም» የሚሉ ሴቶች አብዛኞቹ እዚህ ውስጥ ናቸው። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ያንቺም ያድጋል። ግን ከሥር ያደገውን ያህል ከጫፉ እየተሰበረ ከሄደ ርዝመቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል።

ሁለቱም አንድ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። የትኛው እንደሚበዛ ማወቁ ይበቃል።

ደረጃ 2፦ በእርግጥ በዝቷል?

ራስ ላይ 100,000 ገደማ ፀጉር አለ። እያንዳንዱ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል። ከዚያ ለሁለት ለሦስት ሳምንት እድገቱን ያቆማል፣ ለሦስት ወር ያህል ያርፍና ይወድቃል፤ በቦታውም ሌላ ይበቅላል። በዚህ ምክንያት በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፉ ጤነኛ ነው።

እዚህ ላይ ሹሩባ የሚሠሩ ሴቶች በከንቱ ይደነግጣሉ። አንድ ወር የቆየ ሹሩባ ሲፈታ እጅ ሙሉ ፀጉር ይወጣል። አስቢው፦ በቀን 50 ቢሆን እንኳ በ30 ቀን 1,500 ይሆናል። በየቀኑ መውደቅ የነበረበት ፀጉር በጉንጉኑ ተይዞ ቆይቶ በአንዴ ወጣ እንጂ ሹሩባው ነቅሎት አይደለም። ፀጉርሽን በሳምንት አንዴ የምታጥቢ ከሆነም በእጥበት ቀን የሚወጣው የሳምንቱ ነው።

በቤትሽ የምትሠሪው ቀላል ፈተና ይኸውልሽ። ፀጉርሽን ካጠብሽ ቢያንስ አንድ ቀን ይለፈው። ከ50 እስከ 60 የሚሆን ፀጉር በአውራ ጣት፣ በሌባ ጣትና በመሃል ጣትሽ ያዢ። ከሥሩ ጀምረሽ ወደ ጫፉ ቀስ እያልሽ ሳቢ። መንጨት አይደለም፣ መሳብ ነው። ከ5 ወይም ከ6 በላይ ነጭ ነጥብ ያላቸው ከወጡ መርገፉ እየሄደ ነው። በግንባር በኩል፣ በአናት፣ በጎንና በኋላ ድገሚው። ጭምድድ ያለ ፀጉር ስለሚተሳሰር ቀድመሽ በጣትሽ ፍቺው፤ የተሰበረውን ከቁጥር አታግቢ።

ሌላው ምልክት ላስቲክ ነው። ፀጉርሽን ስታስሪ ድሮ ሁለት ጊዜ የሚዞረው ላስቲክ አሁን ሦስት ጊዜ ከዞረ መጠኑ ቀንሷል። ይሄ ሚዶ ላይ ከሚቀረው ፀጉር የተሻለ ምስክር ነው።

ደረጃ 3፦ ከየት በኩል ነው?

ሁለት መስታወት ያዢ፤ ወይም ሰው በስልክ ያንሳሽ። ፎቶ አራት ይበቃል፦ ግንባርሽ፣ ሁለቱ ጎኖችሽ፣ አናትሽ ከላይ። ፀጉርሽን መሃል ለመሃል ከፍለሽ አንሺው። የሳሳበት ቦታ ግማሹን መልስ ይሰጥሻል።

ከግንባር ዳርና ከጆሮ በላይ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መጎተት ነው። ይህን ቦታ ሰፋ አድርጌ የማወራው አገራችን ውስጥ በጣም ስለሚታይና መከላከል ስለሚቻል ነው። ጠበቅ ያለ ሹሩባ፣ ስፌት፣ ከባድ ዊግ፣ ግንባርን ወጥሮ ወደ ኋላ የታሰረ ፀጉር፣ ሁሉም ሥሩን ቀን ከሌት ይጎትታሉ። ነገሩ የአፍሪካ ፀጉር ችግር ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1907 በሕክምና ጽሑፍ የተመዘገበው በግሪንላንድ ሴቶች ላይ ነበር፤ ፀጉራቸውን አናታቸው ላይ አጥብቀው ያስሩ ነበርና። በደቡብ አፍሪካ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ሪላክሰር በተቀባ ፀጉር ላይ ሹሩባ መሥራት ጉዳቱን እንደሚያብሰው አሳይተዋል። ኬሚካሉ ያላላውን ፀጉር ጉንጉኑ ይጎትተዋል።

ምልክቱን ከመስታወት በፊት ቆዳሽ ይነግርሻል። ተሠርተሽ በመጣሽበት ሌሊት ትራስ ላይ መተኛት ካቃተሽ፣ የራስ ምታት ኪኒን ከዋጥሽ፣ ከጉንጉኑ ሥር ብጉር መሰል ነገር ከወጣ፣ ቅንድብሽ ወደ ላይ ከተሳበ፣ በዝቷል። «ካልጠበቀ ቶሎ ይፈታል» የሚለውን የሠሪዋን ንግግር ሁላችንም እናውቀዋለን። እውነት ነው፣ ቶሎ ይፈታል። ይፈታ። ቢያንስ የግንባር ዳሩን መስመር «ላላ አድርጊልኝ» ማለት ነውር አይደለም፣ ከፋይዋ አንቺ ነሽ።

ግንባርሽን ቀረብ ብለሽ እዪ። ከሳሳው ቦታ ፊት ለፊት፣ በዳሩ ላይ፣ ቀጫጭን ለስላሳ ፀጉር በመስመር ቀርቶ ከኋላው ባዶ ቀጠና ካለ የመጎተት ምልክት ነው። ዳሩ ላይ ያለው ስለሚያጥር ጉንጉኑ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ ይተርፋል። በጊዜ መጎተቱን ካቆምሽ ፀጉሩ በወራት ውስጥ ይመለሳል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ በጠባሳ ይዘጋል፣ ቀዳዳዎቹ ይጠፋሉ፣ ከዚያ በኋላ ቅባት አያስመልሰውም።

ከአናት መሃል ተነስቶ በዙሪያው እየሰፋ ከሄደ ግን ቀልድ የለም። በተለይ የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሴቶች ላይ የሚታይ፣ ሥሩን በጠባሳ የሚዘጋ ዓይነት አለ። ሐኪሞች በምህጻረ ቃል «ሲሲሲኤ» ይሉታል። አንዳንዴ በማሳከክ፣ በማቃጠል ወይም ሲነካ በማመም ይጀምራል፤ አንዳንዴ ምንም ሳያመው አናት ላይ ያለው ፀጉር እየተሰበረ ያጥራል። ቆየት ሲል ቆዳው ለስልሶ ያብለጨልጫል። ለብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሁሉ በፀጉር አሠራር ላይ ይላከክ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ግን አንዳንዶቹ ታማሚዎች ላይ ፓዲ-3 በሚባል ዘረ መል ውስጥ ለውጥ አግኝቷል። ስለዚህ እናትሽ ወይም እህትሽ አናቷ ላይ ከሳሳ ያንቺንም ተከታተይ። ሕክምናው የቀረውን ማዳን ነው፤ የተዘጋውን መክፈት አይደለም። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ወር አትቁጠሪ።

ፀጉሩ የተከፈለበት መስመር ከሰፋ፣ የግንባሩ ዳር ግን ካልተነካ፣ ይሄ የሚወረሰው ዓይነት ሊሆን ይችላል። በሴቶች ላይ እንደ ወንዶቹ ሙሉ ራሰ በራ አያደርግም፤ አናቱ ላይ ያለው ፀጉር እየቀጠነ የራስ ቆዳ በመሃል መታየት ይጀምራል። ቀስ ብሎ በዓመታት ነው የሚመጣው፣ ከማረጥ በኋላም ይበዛል። «ከእናት ወገን ነው የሚወረሰው» ይባላል እንጂ ከሁለቱም ወገን ሊመጣ ይችላል።

ክብ ክብ ሆኖ በድንገት ከተመለጠ ሁለት ነገር ይለያል። ቆዳው ለስላሳ፣ ሳይቀላና ቅርፊት ሳይኖረው ከሆነ ላሽ ሊሆን ይችላል። ላሽ የሰውነት መከላከያ የራሱን የፀጉር ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው እንጂ የሰው ዓይን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ቅንድብንም ሊነካ ይችላል። ብዙ ጊዜ በራሱ ይመለሳል፤ ሐኪም ደግሞ ቦታው ላይ የስቴሮይድ መርፌ ሊወጋ ይችላል። ለከባዱ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2022 ባሪሲቲኒብ የሚባል ኪኒን አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝቷል። ቆዳው ቅርፊት ካወጣ፣ ካሳከከና ፀጉሩ ከቆዳው ጥግ ከተሰበረ ግን ፈንገስ ይጠረጠራል። ይሄኛው በልጆች ላይ ይበዛል፣ ይተላለፋል፣ በሚዋጥ መድኃኒት ነው የሚታከመው። ከላይ የሚቀባ ቅባት ብቻውን ሥሩ ድረስ አይደርስም።

ብል እንደበላው ጨርቅ በየቦታው ቁርጥ ቁርጥ ብሎ ከሳሳ ቂጥኝን መመርመር ያስፈልጋል። ለመጠየቅ የሚያሳፍር ሊመስል ይችላል፤ ግን በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃል፣ ይድናልም።

ከሁሉም ቦታ እኩል ከሳሳስ? ያኔ ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፊ።

ደረጃ 4፦ ሦስት ወር ወደ ኋላ ቁጠሪ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይሄን ያዢ። ሰውነት ሲደነግጥ ፀጉር በዚያው ቀን አይረግፍም። በማደግ ላይ የነበረው ብዙው ፀጉር በአንዴ ወደ ዕረፍት ይገባል፣ ዕረፍቱን ሲጨርስ ይወድቃል። ይህ ደግሞ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጃል። ለዚያ ነው ሴቶች ባለፈው ሳምንት የቀየሩትን ሻምፑ የሚወቅሱት፤ ጥፋተኛው ግን ከሦስት ወር በፊት የነበረው ነገር ነው።

ካላንደር አውጪ። መርገፉ የጀመረበትን ወር አስምሪ፣ ሦስት ወር ተመለሺ፣ ምን ሆነሽ ነበር?

ወልደሽ ነበር? በእርግዝና ጊዜ ሆርሞኑ ፀጉሩን እንዳይወድቅ ይዞት ይቆያል፤ ለዚያ ነው የነፍሰ ጡር ፀጉር የሚበዛው። ከወለድሽ በኋላ በሦስተኛው ወር ገደማ ያ ሁሉ የተጠራቀመው አብሮ ይረግፋል። ማጥባትሽ አይደለም ምክንያቱ፤ በፀጉር ብለሽ ልጅሽን ጡት አታስጥይ። አብዛኛውን ጊዜ ልጁ አንድ ዓመት ሲሞላው ፀጉሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከዚያ ካለፈ ግን የብረትና የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ አሠሪ።

ታይፎይድ፣ ወባ፣ ኮቪድ ወይም ሌላ ከባድ ትኩሳት ነበረብሽ? ቀዶ ጥገና አደረግሽ? ሐዘን ላይ ነበርሽ? በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ ቀነስሽ? የእርግዝና መከላከያ ኪኒን አቋረጥሽ? እነዚህ ሁሉ ያው ናቸው። ምክንያቱ ካለፈ መርገፉ በ6 ወር ውስጥ ይቆማል፤ ግንባርሽ ላይ አጫጭር አዲስ ፀጉር ቀጥ ብሎ ሲቆም ታያለሽ። እስኪረዝም ግን በወር 1 ሴንቲ ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ወደ ቤይሩት፣ ዱባይ ወይም ሪያድ ለሥራ የሄዱ እህቶች ደግሞ «ውሃው ነው ፀጉሬን የጨረሰው» ይላሉ። ውሃ ፀጉርን ሊያደርቅና እንዲሰበር ሊያደርግ ይችላል። ነጭ ነጥብ ያለው ፀጉር ከሥሩ እንዲወድቅ የሚያደርገው ግን ሌላ ነገር ነው፦ የስደቱ ጭንቀት፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ ያልለመዱት ምግብ፣ የኪሎ መቀነስ። በሄዱ በሦስተኛው ወር ገደማ መጀመሩም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። ሻርፕ ወይም ሒጃብም አያረግፍም። እርጥብ ፀጉርን አጥብቆ አስሮ ከላይ መሸፈን ግን ይሰብራል፣ ይጎትታል።

መድኃኒትም በዚሁ ቆጠራ ይገባል። የሦስት ወር መርፌ ጀምረሽ ከሆነ፣ የፀጉር መሳሳት በተጓዳኝ ጉዳቶቹ ዝርዝር ውስጥ አለ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮቴት፣ ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶችና አንዳንድ የደም ግፊት ኪኒኖችም እንዲሁ። በራስሽ አታቋርጪ፤ ቀኑን ጻፊና ለሐኪምሽ አሳዪ።

ደረጃ 5፦ ሌላው ሰውነትሽ ምን ይላል?

ሦስት ወር ቆጥረሽ ምንም ካላገኘሽ፣ መርገፉም ከ6 ወር ካለፈ፣ ምክንያቱ ያላቋረጠ ነገር ነው። ከሌላ ምልክት ጋር አያይዢው።

የወር አበባሽ ብዙ ከሆነ፣ ደረጃ ስትወጪ ልብሽ የሚመታና ትንፋሽ የሚያጥርሽ ከሆነ፣ ቶሎ የሚደክምሽ ከሆነ፣ ብረት ሊያንስሽ ይችላል። አንዳንዶች በረዶ ወይም አፈር ያምራቸዋል። «ጤፍ እየበላሁ እንዴት?» ትይ ይሆናል። ጤፍ ብረት አለው፤ ቀይ ጤፍ ላይ የሚለካው ብረት ግን ከፊሉ አውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፣ ሰውነትም ሁሉንም አይወስደውም። የእንጀራ ሊጥ መብላላቱ ይረዳል። ጉዳቱን የሚያመጣው ከምግብ ጋር ወይም ልክ እንደተበላ የሚጠጣው ሻይና ቡና ነው፤ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። ምሳ በልተሽ ቡናው ለአንድ ሰዓት ቢዘገይ ማንም አይከፋውም። ምስር ወጡን ደግሞ በቃሪያ ወይም በሎሚ ብዪው፣ ቫይታሚን ሲ መግባቱን ያግዘዋል።

ጾም በራሱ ፀጉር አያረግፍም። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ከተበላ ፕሮቲን አለ። ችግሩ «ጾም ነው» ተብሎ በሻይና በዳቦ ሲዋልና ማታ አንድ ጊዜ ሲበላ ነው።

ብርድ የሚበረታብሽ፣ ያለ ምክንያት የምትወፍሪ፣ የሆድ ድርቀት ያለብሽ፣ የቅንድብሽ የውጭ ጫፍ የሳሳ ከሆነ የእንቅርት ዕጢሽ ሥራ ቀንሶ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መክሳት ካለ ሥራው በዝቶ ይሆናል። ሁለቱም ፀጉር ያረግፋሉ። አንገት ላይ የግድ እብጠት መታየት የለበትም፤ እንቅርት ሳይታይም ዕጢው ሊታወክ ይችላል።

የወር አበባሽ የሚዘባረቅ፣ አገጭሽ ላይ ፀጉር የሚበቅልና ብጉር የሚያስቸግርሽ ከሆነ «ፒሲኦኤስ» የሚባለውን የሆርሞን መዛባት ለሐኪምሽ አንሺበት። ጉንጭ ላይ ሽፍታ፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና የአፍ ቁስል አብረው ካሉ ደግሞ ሉፐስን፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበትን በሽታ፣ መፈተሽ ያስፈልጋል።

ደረጃ 6፦ ምን ምርመራ ልጠይቅ?

ሁሉንም የደም ምርመራ ማዘዝ አዋቂነት አይደለም፣ ወጪ ነው። ከላይ ያየሽውን ይዘሽ ከሄድሽ ሦስት ምርመራ ብዙውን ይመልሳል፦ ሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ)፣ ፌሪቲን (በሰውነት የተከማቸ ብረት) እና ቲኤስኤች (የእንቅርት ዕጢ ምርመራ)። ፌሪቲን ላይ አጥብቂ። ሲቢሲ «ደምሽ ደህና ነው» ሊል ይችላል፤ የተከማቸው ብረት ግን ሊያልቅ ተቃርቦ ይሆናል። ሕመም ወይም ኢንፌክሽን ካለብሽ ፌሪቲን ከፍ ብሎ ስለሚታይ ይህንንም ተናገሪ። ሌላ የሆርሞን ምርመራ ምልክቱ ካለሽ ብቻ ነው። ብረት እንደሚያንስሽ ሳታውቂ የብረት ኪኒን አትዋጪ፤ የበዛ ብረትም ይጎዳል።

ባዮቲን ስለሚባለው የፀጉር ቫይታሚን አንድ ቃል። እጥረቱ እምብዛም አይገኝም። ከዚያ በላይ ግን የደም ምርመራን ያዛባል፤ የእንቅርት ሆርሞንንና ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ሲጠረጠር የሚሠራውን ምርመራ ጭምር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። እየወሰድሽ ከሆነ ደም ከመስጠትሽ በፊት ለሐኪሙ ንገሪው።

ጠባሳ የሚያመጣው ዓይነት ከተጠረጠረ የቆዳ ሐኪም በማጉያ መነጽር ያይሻል፤ ካስፈለገም ከራስ ቆዳሽ ትንሽ ናሙና ይወስዳል። በማደንዘዣ ነው የሚሠራው፣ ቶሎም ያልቃል። አዲስ አበባ ውስጥ አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የቆየ ስም አለው፤ በሌሎች ከተሞችም ሪፈራል ሆስፒታሎች ላይ የቆዳ ክፍል ጠይቂ።

ደረጃ 7፦ እስኪታወቅ ድረስ

ሹሩባ ተይ አልልሽም። ወፈር አድርገሽ፣ ላላ አድርገሽ፣ ያለ ብዙ ጭማሪ ፀጉር ተሠሪ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባይበልጥ። በሁለት ሹሩባ መሃል ፀጉርሽን ጥቂት ሳምንት አሳርፊው። ሪላክሰር ከተቀባሽ ቢያንስ 2 ሳምንት ሳይሞላው አትጎንጎኚ።

ቅቤና ዘይት የፀጉሩን ዘንግ ያለሰልሳሉ፣ መሰበር ይቀንሳሉ። ሥሩን ግን አይመግቡም፤ ሥሩ የሚበላው ከደም ነው። ፎረፎር ካለብሽ ደግሞ ቅቤ ያብስበታል፤ ያኔ የፎረፎር ሻምፑ ይሻላል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ነክ ነገር የቆሰለ ቆዳ ላይ አታድርጊ፣ ያቃጥላል።

ሚኖክሲዲል የሚባለው የሚቀባ መድኃኒት በተለይ ለሚወረሰው ዓይነት ይሠራል። 2 በመቶው ለሴቶች አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ከመጀመርሽ በፊት ግን እነዚህን እወቂ፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፉ ሊብስ ይችላል፤ ውጤቱ ከ4 እስከ 6 ወር ይወስዳል፤ ስታቆሚ ያበቀለው ይሄዳል፤ ፊት ላይም ፀጉር ሊያበቅል ይችላል። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም የምታጠቢ ከሆነ አትጠቀሚው። ብዙ ሴቶች በሁለተኛው ወር «አባሰብኝ» ብለው ይጥሉታል፤ ልክ ሊሠራ ሲል።

በወር አንዴ፣ በተመሳሳይ ቦታና ብርሃን፣ ፀጉርሽን መሃል ከፍለሽ ፎቶ አንሺ። በየቀኑ መስታወት ማየት ያስጨንቃል እንጂ ለውጥ አያሳይም።

የራስ ቆዳሽ ካመመ፣ ካቃጠለ፣ መግል ከያዘ፣ የተመለጠው ቦታ ካብለጨለጨ ወይም አናትሽ በወራት ውስጥ በግልጽ ከሰፋ ከላይ ያሉትን ደረጃዎች ሁሉ ዘለሽ ሐኪም ጋ ሂጂ።

የቀጠሮሽ ቀን ሹሩባውን ፈትተሽ፣ ዊጉን አውልቀሽ፣ ቅቤ ሳትቀቢ ሂጂ። የተሸፈነና የተቀባ ራስ ላይ ሐኪሙ የሚያየው ነገር የለም። የወር ፎቶዎችሽን፣ የምትወስጂውን መድኃኒትና ቫይታሚን በሙሉ፣ መርገፉ የጀመረበትን ወርና ከዚያ ሦስት ወር በፊት የነበረውን ነገር በወረቀት ይዘሽ ግቢ። «ፀጉሬ ይረግፋል» ብለሽ ብቻ ከገባሽ ሻምፑ ጽፈውልሽ ልትወጪ ትችያለሽ።